ስልሳ ሦስት ሰማያዊ ነጥቦች

ከዚህ በታች ያለው ነገር ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። በአባቴ ብሩሾች እምላለሁ፤ ካልበቃችሁ ገና ያልወለድኳቸውን ልጆቼን እጨምርላችኋለሁ። በሰፈራችን ስለ እኔ ብትጠይቁ «እሱ ዝናብ ዘነበ ካለህ ወጥተህ እጅህን ዘርግተህ አረጋግጥ» እንደሚሏችሁ አውቃለሁ። ይበሉ። ይህኛው ታሪክ ግን ላጋንነው ብፈልግ እንኳ መጨመሪያ ቦታ የለውም፤ ሲሰጠኝ ሞልቶ ነው የተሰጠኝ።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። የወረስኩት ከአባቴ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ሲገተር እሱ ብዙም አላዘነም፤ ብሩሽ አስያዘኝ። እኔና ታላቅ እህቴ ሱቁ ውስጥ ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግን ነው ያደግነው። ከተማችን በረሃ አፍ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይዋ ታፔላ ትበላለች። የሥጋ ሻጩ ቀይ በመጀመሪያው በጋ ሮዝ ይሆናል፣ በሁለተኛው የታመመ ሰው ከንፈር ይመስላል፣ በሦስተኛው ሰውየው ራሱ ምን እንደሚሸጥ ይረሳል። እኔ በዚህ አይከፋኝም፤ ፀሐይ ደንበኛ መላሽ ናት።

እህቴ ያገባችው ሰው ሜትር ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሜትር ያልነው እኛ ነን። ማዘጋጃ ቤት ቅየሳ ክፍል ይሠራል። ለሠርጋቸው የተገዛውን አልጋ ለክቶ «ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጎድላል» ብሎ ያስመለሰ፣ ጎረቤት «እንዴት አደርክ?» ሲለው «ስድስት ሰዓት ከሩብ ተኛሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። እህቴ ለምን እንደወደደችው ጠይቄያት አውቃለሁ። «ቢያንስ የነገረኝ ነገር ይደመራል» አለችኝ። እኔን እያየች ነው ያለችው።

ጠባችን የጀመረው በፒጃማ ነው።

ከከተማው በስተጀርባ ራሰ በራ የድንጋይ ተራራ አለ። ዛፍ የለው፣ ሣር የለው፤ እግዜር ሠርቶ ሲጨርስ ቀለም አልቆበት የተወው ይመስላል። መውጣቱ ቀላል ነው። በደቡብ በኩል ዘንበል ያለ ዝርግ አለት አለ፤ በእጅም በእግርም ቧጠህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጫፉ ላይ ነህ። ጉዱ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ያንኑ አለት ከላይ ስታየው እግር የሚያርፍበት ቦታ አይታይም፤ ላዩ ላይ ያለው አሸዋ ደግሞ ከጫማ ሥር እንደ ስኳር ይንሸራተታል። ከእኔ በፊት የወጡ ሁለት ጎረምሶች በገመድና በለቅሶ ነው የወረዱት።

አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ከመካኒኩ ጋር ተወራረድኩ። የሜትርን ባለመስመር ፒጃማ ከተሰጣበት አንስቼ ተራራው ጫፍ ላይ ባንዲራ አደርገዋለሁ አልኩ። አደረግኩትም። ሱሪው ነፋስ እየገባበት፣ ሁለት እግሩን ወዲያና ወዲህ እየወረወረ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከከተማው በላይ ጨፈረ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በመስኮት እያዩ «ሜትር፣ ዛሬ ወደ ሰሜን ነው የምትሮጠው» ይሉት ነበር። ይሄ እንግዲህ የቤተሰብ ቀልድ ነው። እሱ ግን ቂም ቋጠረ፤ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፒጃማውን ከሰቀልኩ በኋላ መውረድ አቃተኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ ላስቲክ ውሃና በአምስት ብርቱካን ጫፉ ላይ ስሽከረከር ቆየሁና በምሥራቅ በኩል ማንም የማያውቀውን መውረጃ አገኘሁ። ሰው ያለ ገመድ፣ በሁለት እግሩ፣ አጥንቱ ሳይቆጠር የሚወርድበት መንገድ! በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ቁም ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ቀልድና ቆርቆሮ ነው።

በማግስቱ እህቴ ቤት ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ተቀምጬ ስተርክ፣ ሜትር ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ነበር። ያደነቀኝ መስሎኝ ጨው ጨመርኩበት፤ እሱ ሲጽፍ ደግሞ ሌላ ጨው። ማዘጋጃ ቤቱ ከወር በኋላ መንገዱን ምልክት እንዳደርግበት ቀጠረኝ። ከሥር ጀምሬ፣ ጣሳዬን ይዤ ወደ ላይ እየወጣሁ፣ ስልሳ ሦስት ሰማያዊ ነጥቦች ቀባሁ። ሜትር ከታች መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር። አዎ፣ መኪና ውስጥ።

ከዚያ ተራራው ሥር ለሚቆመው ታፔላ ጽሑፉ መጣልኝ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። «ይህን የመውረጃ መንገድ አጥንቶ ያገኘው» ይልና ከሥሩ የሜትር ስም እስከ አያቱ ተዘርዝሯል።

ብሩሹን አስቀመጥኩት። ሰው መላኬ አልቀረም፤ «ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አልኩ። የመጣችው ግን እህቴ ናት። ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«አንተ፣ ለእኔ ስትል ጻፈው።»

«እትዬ፣ ባልሽ እኮ ከመኪና አልወረደም!»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው?»

«ሰው ሁሉ ሱሪውን እያየ ሲስቅበት፣ ሦስት ወር ሙሉ አብሬው ራት የበላሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። አንድ ታፔላ ስጠው፤ ምን ትሆናለህ?»

ጻፍኩት። በጥቁር ዘይት ቀለም፣ ሁለት እጅ አድርጌ። የራሴን ሥራ በራሴ ብሩሽ ለሌላ ሰው አሳልፌ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር በዚያ ታፔላ ሥር ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴ አረረ። ይባስ ብሎ እኔ የጻፍኩት ጥቁር አይለቅም።

አንድ ሰኞ ሜትር ራሱ ሱቄ መጣ። አይቀመጥም፤ ቆሞ የመደርደሪያዬን ቁመት በዓይኑ ለካ።

«ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ትመጣለች» አለ። «ከእኔ ጋር ወጥታ በመንገዱ ወርዳ መርቃ ትከፍተዋለች።»

«ደስ ይበልህ።»

«ውሃ የሚሸከምልን ሰው ያስፈልጋል።»

«እና?»

«ጀርባህ ጠንካራ ነው። ደግሞ ለእህትህ ስትል ዝም ትላለህ።»

እሺ አልኩት። ፈገግ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። እሱ ያንን ፈገግታ መለካት አልቻለም፤ ለፈገግታ ሜትር የለውማ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አንድ ባልዲ የአናጢ ኮላ ይዤ ከሥር ወደ ላይ ወጣሁ። እያንዳንዷን ነጥብ በኮላ ለቅልቄ፣ የራሱን የአለቱን ብናኝ በተንኩባት። ሲደርቅ አለቱ ራሱ የቱ ጋ ነጥብ እንደነበረው አያውቅም ነበር። ስልሳ ሦስቱንም። ሐሳቤ ሰው መጉዳት አልነበረም። ጫፉ ላይ ደርሰን መውረጃው ሲጠፋው፣ በኃላፊዋ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ነው፦ «መንገዱን ያገኘው እሱ ነው።» ይህቺን ብቻ። ከዚያ እኔ ቀድሜ አወርዳቸዋለሁ፤ ታፔላው ይለወጣል።

ሐሙስ መጣች። ኃላፊዋ ቀጭን፣ ኮፍያዋን በገመድ አገጯ ሥር ያሰረች፣ ሃምሳዎቹን ያገባደደች ሴት ናት። ብዙ አትናገርም፤ ሲያዩህ የሚጎድልህን ነገር ከሚያነቡት ሰዎች ወገን ናት። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ እኛ ሦስታችን አለቱን ቧጠን ወጣን። ስድስት ሊትር ውሃ ጀርባዬ ላይ ይንቦጫረቃል። ሜትር መንገድ ሙሉ «እዚህ ጋ ሠላሳ አራት ዲግሪ ነው፣ ክብርት ኃላፊ» ይላል። በእሱ ቤት ገለጻ ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ዱላው አሁንም ቆሟል። ከፒጃማው የተረፈው ወገቡና አንድ እግሩ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ነው፣ ክብርት ኃላፊ» አለ ሜትር።

ጠጋ ብላ አየችው። «ኪስ አለው እኮ።»

ሳቄን ከውሃ ጋር ዋጥኩት። ጥቂት አረፍን። ከዚያ ሜትር ልብሱን አስተካክሎ «አሁን በምሥራቅ በኩል ሰማያዊ ነጥቦችን እየተከተልን እንወርዳለን» ብሎ ቀደመ። እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁት። አንዱ ድንጋይ ጋ ሄደ፤ የለም። ሌላው ጋ ሄደ፤ የለም። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ መነጽሩን ጠረገ። ፀሐይ ገና አልበረታችም፤ የእሱ ሸሚዝ ግን ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ነጥቦቹ የታሉ?» አለች።

«ነጥቦቹ… ጥገና ላይ ናቸው፣ ክብርት ኃላፊ። እኔ ግን መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

በቃሌ! ተመልከቱ እንግዲህ። ያኔ ቢናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልተናገረም። ወደ አንድ ለስላሳ ቦይ ገባ፤ አሸዋው እንደ ምንጣፍ የተዘረጋበት፣ ግድግዳው በእጅ የተለሰነ የሚመስል። ተራራውን የማያውቅ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚመርጠው፤ ይጋብዛል። ያለሰለሰው ግን ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ገደል አይፈራም፤ እስከ አፋፉ አለስልሶ ሄዶ ከዚያ ይዘላል። እኔ ይሄን አውቃለሁ። ሁለት ቀን ስሽከረከር እዚያው አፋፍ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

አሥር እርምጃ ሄደ፤ ዝም አልኩ። ኃላፊዋ ተከተለችው። ሃያ ሄደ፤ ዝም አልኩ። በዚያች ሰዓት ውስጤ የነበረውን ነገር አልደብቃችሁም፤ ጣፋጭ ነበር። አሥራ አራት ወር ያረረ አንጀቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይፈስስ ነበር። ቦዩ ወደ ቀኝ ሲታጠፍና ጀርባው ሊሰወርብኝ ሲል ነው አፌ ራሱ የተከፈተው።

«ሜትር! ቁም! ቁም አንተ ሰውዬ!»

ቆመ። አንድ እግሩ አየር ላይ ነበር። ከሥሩ አንዲት ጠጠር ሄደች፤ ስታርፍ ለመስማት ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ተውነው። ሜትር እዚያው ቁጭ አለ። ከዚያ አለቀሰ። ከፍተኛው ቀያሽ፣ ባለማኅተሙ፣ ስሙ እስከ አያቱ ታፔላ ላይ የተዘረዘረው ሰው፣ ንፍጡ እስኪወርድ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ። እኔም ቆሜ አየሁት፤ አልቸኮልኩም።

«መንገዱን አላውቀውም» አለ በመጨረሻ፣ ገደሉን እያየ። «ያገኘው እሱ ነው። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኃላፊዋ ዞራ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ታዲያ አንተ አታወርደንም?»

«ይከተሉኝ፣ እትዬ» አልኩ። ደረቴ ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ነበር።

አሁን የሚመጣውን ነገር መናገር አልወድም። ግን እውነት ነው ብዬ ምያለሁ።

ወደ ምሥራቁ ጫፍ ወሰድኳቸውና ቁልቁል አየሁ። ምንም አላወቅሁም። አንዲት ድንጋይ እንኳ «እንዴት ሰነበትክ» አላለችኝም። ቆሜ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ያንን መንገድ ከላይ ወደ ታች፣ ያለ ምልክት የሄድኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በውሃ ጥም ታውሬ። ከዚያ ወዲያ ስቀባውም፣ ስሸፍነውም ሁልጊዜ ከሥር ወደ ላይ ነው። ከሥር ሲያዩት ሰፊ የሆነው ከላይ ሲያዩት የለም። የማውቀው ፊቱን ነው፤ አሁን የሚያየኝ በጀርባው ነው። መመለሻ እንዲሆኑኝ የተቀቡትን ነጥቦች ደግሞ በገዛ እጄ ቀብሬያቸዋለሁ።

አላሳወቅኩም። «በዚህ ነው» ብዬ አንድ ጠርዝ ላይ ገባሁ። ጠርዙ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ የጫማዬን ግማሽ ብቻ የሚችል ሆነ፤ ከዚያ አለቀ። ወደ ፊት የለም፤ ለመዞርም ቦታ የለም። ሜትር ከኋላዬ መጥቶ ቀበቶዬን ያዘና ወደ ኋላ አወጣኝ። ስለዚያ ጠርዝ ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለም።

ስንመለስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ መጥታለች፤ አለቱ ከሥር ይጋግራል። ከስድስት ሊትር ውሃ የቀረው አንድ ተኩል ነው። በዚያ በረሃ ከቀትር በኋላ ያለ ውሃ የቀረ ሰው እስከ ማታ አይሟገትም፤ ያንን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ዝርጉን አለት ለመውረድ ገመድ የለንም። ሹፌሩ መንገዱ ቀላል ነው ስለተባለ ጫማውን አውልቆ ተኝቷል።

ኃላፊዋ ኮፍያዋን አወለቀች፣ ላቧን ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «በእርግጥ አንተ ነህ ያገኘኸው? ወይስ አንተም መኪና ውስጥ ነበርክ?»

መልስ የሰጣት ሜትር ነው።

«ደብተሩ አለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«የምን ደብተር?» አልኩት።

«ያን ቀን ቤት የነገርከን ሁሉ። በወረድክ ማግስት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ተጽፏል።»

ከቦርሳው አወጣው። ያቺ መናጢ ደብተር! በዓለም ላይ ያንን መንገድ ከላይ ወደ ታች የሚያውቅ ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም የሞላችው በእኔ ውሸት ነው። ጥላ ያለበት ድንጋይ ሥር ተቀመጥን። ሜትር እርሳሱን በምራቁ አረጠበና ማንበብ ጀመረ። እንደ ፍርድ ቤት።

«አንደኛ። ከዱላው ተነሥቼ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ መግቢያ ሰጥቼ፣ አርባ አንድ እርምጃ ሄድኩ።»

«እውነት?» አለች ኃላፊዋ።

«አቅጣጫው እውነት ነው። አርባ አንዱን አልቆጠርኩም፤ እሱ ቁጥር ስለሚወድ ነው የሰጠሁት። ከመቶ ግን አያልፍም።»

ሜትር ዓይኑን ጨፈነ። አርባ አንዱ ውሸት መሆኑ ከገደሉ በላይ ጎዳው።

«ሁለተኛ። የጭነት መኪና የሚያክል እባብ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ ሰላም ስለው መንገድ ለቀቀልኝ።»

ኃላፊዋ ከኮፍያዋ ሥር አየችኝ። አስተያየቷ ከዱላ ይከፋል።

«እባቡ የለም» አልኩ።

«ኮፍያውስ?»

«ኮፍያም አልነበረኝም።»

«በእባቡ ቦታ ምን ነበር?» አለ ሜትር እርሳሱን አቁሞ።

«እንሽላሊት።»

«ርዝመቱ?»

«ሜትር፣ በእናትህ!»

«ይቀጥል» አለች ኃላፊዋ።

«ሦስተኛ። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ገደል ተንደርድሬ ዘለልኩ።»

«አንድ እርምጃ ናት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኳት።»

«እሷ ስንጥቅ እውነት ከሆነች ምልክት ትሆነናለች» አለች ኃላፊዋ። «ጻፍ።»

«አራተኛ። ከስንጥቁ ማዶ ሦስት ቦዮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሁለቱ ክፍት ናቸው። አንዱ ግን የተዘጋ በር ይመስላል፤ በሩ ላይ የተኛ ግመል የሚመስል ድንጋይ አለ። ነፋስ ሲነሣ በሩ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። እኔም በፉጨቱ ተመርቼ ገባሁ።»

«ግመሉስ?»

አሰብኩ። ከሥር ስወጣ ምንም ግመል አይቼ አላውቅም። «ውሸት ሳይሆን አይቀርም።»

«ፉጨቱ?»

«እሱማ ንጹሕ ውሸት ነው፤ ልትሰርዘው ትችላለህ። ሰው እንዲስቅ ነው የጨመርኩት። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ።»

ሰረዘው። ሌሎችም ነበሩ፤ ከአሞራ ጋር የተነጋገርኩት፣ ድንጋይ ጨምቄ ውሃ የጠጣሁት። በአሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ፣ በጠላቴ ፊት፣ በገዛ አፌ «ውሸቴን ነው» አልኩ። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናዘዘው፤ እኔ አንድ ደብተር። አንድ ጊዜም አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ከዱላው ተነሥተን በሰባ ሁለት እርምጃ ስንጥቋን አገኘናት። ሜትር ነው የቆጠረው። ከማዶ ሦስቱ ቦዮች አሉ። ከላይ ሲታዩ ግን ሦስቱም ክፍት ናቸው፤ የተዘጋ በር የለም፣ ግመል የለም። ጥላም የለም። ኃላፊዋ የመጨረሻውን ውሃ በክዳን ለክታ ለሦስት አካፈለችን። እኔ በልቤ «ሁለቱ ገደል ናቸው፤ አንዱን መርጬ ቀድሜ ልግባና ካልተመለስኩ ሌላውን ይሞክሩ» እያልኩ ነበር። ይህቺን ጀግንነት ማንም አላያትም፤ ስለዚህ እዚህ አስመዘግባታለሁ።

ያኔ የቀትሩ ነፋስ ተነሣ። በመጀመሪያ አሸዋው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሮጠ። ቀጥሎ ከግራው ቦይ ውስጥ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የፈላ ማንቆርቆሪያ ድምፅ መጣ።

ፉጨት።

እኔ ራሴን ያዝኩ። ያቺን ፉጨት ስንት ሰው ፊት፣ ስንት ጊዜ ሳስመስላት፣ ስንት ሰው ስቆባት፣ እውነት መሆኗን ራሴ ረስቻት ኖሯል! ሜትር እርሳሱን አወጣ። የሰረዘውን መስመር በላጲስ አጠፋና ጎኑ ላይ «እውነት» ብሎ ጻፈ። ሰዓቱንም ጨመረ።

በግራው ገባን። ጥቂት ወርደን ስንታጠፍ ግመሉ በሩ ላይ ተኝቶ ጠበቀን፤ አንገቱ ሥር በደረት ተስቦ ነው የሚታለፈው። ከሥር የሚመጣ ሰው የሚያየው መቀመጫውን ብቻ ነው፤ ለዚያ ነው ያላወቅሁት። ከዚያ በኋላ እግሬ መንገዱን ለየው። ጠጠር የሞላበትን ቁልቁለት ወረድን፣ ከተራራው ሥር ያለው ደረቅ ወንዝ ታየን፤ ኃላፊዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል ሳትሆን ወደ ፊት አየች።

አንድ ድንጋይ ጋ ሜትር ቆመ። በጥፍሩ ፋቀው። አሸዋው ተላጠ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ብቅ አለ። ጥፍሩን ወደ አፍንጫው ወስዶ አሸተተ። የታፔላ ጸሐፊ አማች ሆኖ የኮላ ሽታ የማያውቅ ሰው የለም። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄን ምን ሸፈነው?» አለች ኃላፊዋ።

«ነፋስ ነው፣ ክብርት ኃላፊ» አለ ሜትር። «እዚህ አካባቢ አሸዋው ይለጥፋል።»

ከዚያ በአጠገቤ ሲያልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የፒጃማዬ እግር ቁመት ሰማንያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነበር» አለኝ። «ሁለቱም።»

እዩልኝ ይሄን ሰው! ቢያጋልጠኝ ኖሮ ጠላቴ እንደሆነ ይኖርልኝ ነበር። ሸፈነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ውለታው ጫማዬ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው፤ ከዚህ የበለጠ በቀል ማንም በቅየሳ መሣሪያ ለክቶ አያገኝም።

ታች ስንደርስ ሹፌሩ አሁንም ተኝቷል። ኃላፊዋ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሳትተነፍስ ጠጣች፣ ታፔላው ሥር ቆማ አነበበችው፣ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች።

«ይሄ ይለወጥ። ሁለታችሁም ትጻፉበታላችሁ፤ አንዱ አገኘው፣ አንዱ መዘገበው። ነጥቦቹን የሸፈነው ነፋስ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ተመልሶ ይግለጣቸው።» ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ነፋሱ ሁለት ቀን ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ። ወገቡ እስካሁን ያመዋል።

ቂሜ ግን አልበረደም። አብሮን ተራራ ወጣ፤ ሲወርድ በሌላ መንገድ ቀደመኝና ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አዲሱን ቆርቆሮ ነጭ ቀባሁ። «ይህን የመውረጃ መንገድ ያገኘው» ብዬ ስሜን በጥቁር ዘይት ቀለም፣ ሁለት እጅ፣ ከላዩ ቫርኒሽ። «መዝግቦ ያቆየው» ብዬ የሜትርን ስም እስከ አያቱ፣ በቀይ። ደማቅ፣ ከሩቅ የሚጣራ ቀይ። ሜትር መጥቶ ፊደሎቹን ለካ፤ የእሱ ከእኔ በሁለት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። እጄን ጨበጠኝ። ደስ ብሎት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ መጣች። ብዙ ቆማ አየችው። ጣቷን ቀዩ ላይ አሳረፈች።

«ቀይ» አለች።

«ቀይ።»

«የሥጋ ሻጩ ቀይ?»

«ከዚያው ጣሳ።»

የአባታችን ልጅ ናት፤ ሌላ ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ስንት በጋ?» አለችኝ።

«ሁለት። ቢበዛ ሁለት ተኩል።»

ጣቷን በሽርጤ ጠረገች። «እኔ አላየሁም» አለችና ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ስቃ ይሁን ተናድዳ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ታሪኩ ይህ ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ላይ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሜትር አላለቀሰም። ቁጭ አለ፣ የሱሪውን አቧራ አራገፈ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ በቃ። ያለቀሰ ሰው ግን ነበር። ቦታው ያ የጠበበው ጠርዝ ነው፤ ትከሻውም ንፍጡም የእኔ ነው። ሜትር በአንድ እጁ አለቱን፣ በሌላው ቀበቶዬን ይዞ «ግራ እግርህን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ። ጎበዝ። አሁን ቀኙን፣ ሃያ አምስት» እያለ እንደ ልጅ አወጣኝ። ለማንም አልተናገረም። ደብተሩንም እህቴ ቤት ሰርቄ አይቻለሁ፤ ዕለቱ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ እርምጃው አለ፣ ለቅሶው የለም።

አንደኛው በጋ አልፏል። ስሙ ሮዝ ሆኗል። ጥቁሩን ጣሳ ሁለት ጊዜ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ።

ገና አንድ በጋ አለው።